የነሐሴ ጥጥ

ዘይቱና ስትመጣ ጫማዋ ጭቃ ነው፤
በሁለት ፌስታል ደርባ የጠቀለለችው
ዳቦ መስሎኝ ነበር። ፍሎፒ ነው ለካ፣
መዳፍ የሚያህል፣ ጥቁር፣ የሚጎብጥ ሲነካ።
«የአባቴ ነው» አለች። ተማም አባ ቡልጉ፣
ሰዎች ዝናብ ሲሸሹ፣ ከጣሪያ ሥር ሲጠጉ፣
ጠዋት በሦስት ሰዓት ወጥቶ የሚለካው፣
ያ ሰውዬ፤ አወቅሁት። ከሞተ ዓመቱ ነው።
«የአንድ ዓመት ዝናብ አለ እዚህ ውስጥ» ስትለኝ
ጣሪያዬ ይደበደባል፤
ይሄኛውስ የማን ነው? አሰኘኝ።

ማንበቢያው ከመደርደሪያው ሥር ነበር፣
በሐራጅ የገዛሁት፣ ከአንድ ሰባራ ወንበር
ጋር ተደርቦ፣ በሠላሳ ብር።
አፉን ስከፍተው የሸረሪት ድር፣
የደረቀ በረሮ፤ አቧራው ደግሞ የጅማ፣ ረጥቦ የደረቀ፣
እንደ ሊጥ ተጋግሮ ሐዲዱን ያነቀ።
ቅባቱ ሰም ሆኗል። ራሱ ሊሄድ ይልና
ይንተባተባል፣ ይመለሳል፣ ይጀምራል እንደገና፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዜሮን አጥቶት፤
መነሻውን ያላወቀ የት ይደርሳል ቢገፉት?

የጎማ ቀበቶው ሬንጅ ሆኖ ቀልጧል።
ከባጃጅ ከመነዳሪ አዲስ መቁረጥ ይሻላል፣
አልሁና በምላጭ፣ ትንፋሼን ይዤ፤ አንዱን አበላሸሁ፣
ሁለተኛው ወፈረ፣ ሦስተኛውን ለበስሁ
ማለቴ አለበስሁት።
ፍጥነቱን በምን ልወቀው? ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤
በመዘውሩ ዙሪያ መስመሮች ተሥለዋል፣
በዘንግ አምፖል ብርሃን ሲዞሩ ይናገራሉ፣
ከፈጠንህ ወደ ፊት ይሸሻሉ፣
ከዘገየህ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፣
ልክ ስትሆን ይቆማሉ።
እየሮጡ ይቆማሉ።
መፍቻዋን የጥፍር ታህል አዞርሁ፣ የጥፍር መለስሁ፤
ቆሙ! ብዬ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።
ዘይቱና ሻማ ልታመጣ ስትነሣ «ተይው» አልሁ፤
የሻማ ብርሃን መቁጠር አይችልም።

በማግስቱ ራሱን አጠብሁት፣
በጥጥና በአልኮል፣ እንደ አራስ ልጅ ዓይን።
አንዲት ክር ቀርታ ኖሮ፣ በወረንጦ ግማሽ ቀን
ለመንኋት።
በማይረባ ዲስክ ሞከርሁ አስቀድሜ፤
የሰው ዝናብ ነው ይሄ፣ የሰው ዕድሜ።
አነበበ። ከዚያ የተማምን አጎረስሁት።

መስከረም መጣ፣ አረንጓዴ ፊደል፣
ቀን፣ ሚሊ ሜትር፤ አንዳንዴም ከጎኑ ቃል፦
«ጣሳው ውስጥ እንቁራሪት አድራለች፣ ልኬቱ አይታመን።»
«ዛሬ ዘገየሁ። ልጅቷን አተኮሳት ሌሊቱን።»
ዘይቱና ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።
«ልጅቷ እኔ ነኝ» አለች።

ኅዳር፣ ጥር፣ ግንቦት፣ ሐምሌ። ከዚያ ጩኸት፣
የድመት ጥፍር በቆርቆሮ ላይ። ነሐሴን እምቢ አለ።
ራሱን ጠረግሁት፣ አስገባሁ፣ ደግሜ ጠረግሁት፤
ጥጡ ቡኒ ሆነ። ቆሻሻው ወጣ ብዬ ደስ አለኝ።
በሦስተኛው ነው፣ ወደ መስኮቱ ሳነሣው፣ የገባኝ፦
ዲስኩ ሻግቶ ኖሯል፤ ቆዳው ይላጣል፤
ያ ቡኒ ዱቄት፣ ሳጸዳ የጠረግሁት፣
ነሐሴ ነው።

እንዴት እንደምነግራት ጠፋኝ። ነገርኋት።
ዝም አለች። ውጭ አዌቱ ቀልቶ እስከ ድልድዩ ሞልቷል።
«ጅማ ነው፣ ነሐሴ ነው» አለች፣ «ምን ይሆናል? ዘንቧል።»
የቀረውን አትሜ ሰጠኋት፤ ጳጉሜ እንኳ ተርፋለች፣
አምስት ቀን፣ አምስት መስመር።
ወረቀቱን በዚያው ፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

ባለፈው ብሎን ስፈልግ በቆርቆሮው አገኘኋቸው፣
ሠላሳ ቀን፣ በሦስት ጥጥ።
ደርቀዋል።